የልደት በዓል በአያቶቻችን ልጅነትና በልጆቻችን ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ በፈቃደ እግዚአብሔር ልንነግራችሁ ያሰብነው ነገር፥ የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደቱ በዓል በጎንደርና በሰሜን፥ ይልቁንም በዛሪማና በአካባቢዋ፥ በአያቶቻችን የልጅነት ዘመን እንዴት ይከበር እንደ ነበረና ዛሬ እንዴት እንደሚከበር ነው። ይህንንም ለመናገር ያነሣሣን ምክንያት አለ። በየቤቱ በበዓሉ ቀን ሁለት ዐይነት ድምፅ ይሰማል። ሽማግሌው፥ «ገና ድሮ ቀረ፤ የዛሬው በዓልስ የሆድ በዓል ነው» ይላል። ወጣቱ ደግሞ፥ «ጊዜው ተለውጧል፤ የድሮውን ለድሮ ተውት» ብሎ ይመልሳል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠው ሳይግባቡ ቢለያዩ፥ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ የሚገባው አደራ በመካከላቸው ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ የተለወጠው ምን እንደ ሆነ፥ ያልተለወጠውና ሊለወጥም የማይገባው ምን እንደ ሆነ ለይተን ማወቅ ያስፈልገናል።

አስቀድመን ሦስት ነገሮችን እንለይ፤ እነርሱም ሃይማኖት፥ ሥርዐትና ልማድ ናቸው። ሃይማኖት ማለት፥ ቃል ሥጋ ሆነ፥ አምላክ ከቅድስት ድንግል ማርያም በሥጋ ተወለደ ብለን የምናምነው ነው፤ ይህ ትናንት የነበረ፥ ዛሬም ያለ፥ ለዘለዓለምም የማይናወጥ ነው። ሥርዐት ማለት፥ ይህን እምነት ቤተ ክርስቲያን የምትገልጥበት ጾሙ፥ ማኅሌቱ፥ ቅዳሴው፥ የቀኑም አቈጣጠር ነው። ልማድ ማለት ግን፥ ሕዝቡ እንደ ሀገሩ አየርና እንደ ኑሮው ሁኔታ ለበዓሉ ክብር የሚጨምረው ምግቡ፥ ልብሱ፥ ጨዋታውና ስጦታው ነው። ልማድ እንደ ልብስ ነው፤ ያረጃል፥ ይለወጣል፥ ይታደሳል። ነገር ግን ልብሱን እንለውጣለን ብለን ገላውን እንዳንቈርጥ መጠንቀቅ ይገባናል።

ከቀኑ አቈጣጠር እንጀምር፤ ልጆች ዛሬ አጥብቀው የሚጠይቁት ይህን ነውና። «ክርስቶስ ስንት ጊዜ ተወለደ? ፈረንጆቹ ቀድመውን ያከብራሉ፤ እኛ ለምን ዘገየን?» ይላሉ። አያቶቻችን በልጅነታቸው ይህ ጥያቄ አልነበረባቸውም፤ ያለ ታኅሣሥ 29 ቀን ሌላ የልደት ቀን መኖሩን የሰማ በገጠር ብዙ አልነበረምና። ዛሬ ግን በሥዕል መስኮትና በስልክ የዓለሙ ሁሉ በዓል በቤታችን ስለሚታይ፥ ወላጆች መልሱን ማወቅ ይገባቸዋል።

መልሱም ይህ ነው። የእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን በጥንቱ በዩልዮስ ቄሣር አቈጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን ነው። እንግዲህ መነሻው አንድ ነው። ምዕራባውያን በእነርሱ አቈጣጠር በ1582 ዓ.ም. በሮማው ጳጳስ በጎርጎርዮስ 13ኛ ዘመን የዘመን መቍጠሪያቸውን ስላሻሻሉ፥ በሁለቱ መካከል ልዩነት ተፈጠረ፤ ልዩነቱም ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ስለዚህ የእኛ በዓል በእነርሱ መቍጠሪያ ጃንዋሪ 7 ቀን ላይ ይውላል። በእነርሱ 2100 ዓ.ም. ልዩነቱ በአንድ ቀን ስለሚጨምር፥ ከዚያ በኋላ የእኛ ልደት በእነርሱ ጃንዋሪ 8 ቀን ይውላል። ስለዚህ እኛ ዘግይተን አይደለም፤ እነርሱም ሌላ ልደት አላመጡም፤ የተለያየው የቀን መቍጠሪያው ነው። ልጅ ይህን በቀላል ቃል ቢነገረው ይገባዋል፤ ሳይነገረው ቢቀር ግን የራሱ በዓል የተሳሳተ ይመስለዋል።

በቤታችንም ውስጥ ቢሆን በዓሉ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ በታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል፤ ይኸውም በዘመነ ዮሐንስ ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኗል፤ በ2020 ዓ.ም. ም እንዲሁ ይሆናል። ምክንያቱን አባቶች ሲያስረዱ፥ ጌታችን በእመቤታችን ማኅፀን የቈየው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው ይላሉ። ከመጋቢት 29 ቀን ከትስብእቱ እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን ድረስ ብንቈጥር፥ ዘጠኙ ወር 270 ቀን፥ ጳጉሜንም 5 ቀን፥ በድምሩ 275 ቀን ይሆናል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን ቍጥሩ ወደ 276 ከፍ እንዳይል በዓሉ በ28 ይከበራል። ያለ መጽሐፍና ያለ ሰዓት በገጠር የኖሩ አባቶች በባሕረ ሐሳብ ይህን ያህል አጥርተው ይቈጥሩ እንደ ነበር ለልጆቻችን ብንነግራቸው፥ አያቶቻቸውን ያከብራሉ እንጂ አይንቁም።

እንግዲህ ወደ አያቶቻችን ልጅነት እንመለስ። ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ልጆች በነበሩበት ዘመን፥ ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ በዛሪማ በኩል ወደ አዲ አርቃይና ወደ ተከዜ የሚዘልቀው የመኪና መንገድ ተሠርቶ ነበር፤ እርሱም በጠላት ወረራ ዘመን ጣልያኖች የጠረጉት ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ጥቂት፥ እግረኛው ብዙ ነበር። ከላይ የሰሜን ደጋ ገብሱን፥ ከታች ቆላው ማሽላውን እያመጣ በገበያ ይገናኝ ነበር። ታኅሣሥም የመከር ወር ስለ ሆነ አውድማው ሁሉ በእህል የተመላ ነበር። ልጁ በዓሉ መድረሱን የሚያውቀው በወረቀት አይደለም፤ በአዝመራው፥ በእናቱ ሥራና በቄሱ ቃል ነበር እንጂ።

ጾሙ ከኅዳር 15 ቀን ይጀምራል፤ ጾመ ነቢያት ይባላል። ነቢያት የጌታን መምጣት በናፍቆት እንደ ጠበቁ፥ ምእመናንም ሥጋንና ቅቤን፥ ወተትንና ዕንቍላልን ትተው ይጠብቃሉ። በበዓሉም ዋዜማ ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን ዘመኑን በየስሙ ጠርታ ታስተምራለች፤ ከታኅሣሥ 7 ቀን ጀምሮ ስብከት፥ ከ14 ቀን ጀምሮ ብርሃን፥ ከ21 ቀን ጀምሮ ኖላዊ ይባላል። ነቢያት የሰበኩት፥ ለዓለም ብርሃን የሆነው፥ በጎቹን የሚጠብቀው እረኛ እርሱ ነው ማለት ነው። የአያቶቻችን እናቶች በነዚህ ሳምንታት ቅቤውን በቅል አጠራቅመው ያስቀምጡ፥ እህሉን በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ፥ ብቅሉን አብቅለው ጌሾውን ወቅጠው ጠላውን ይጠነስሱ ነበር። ጥጥ ፈትለውም ለሸማኔ ሰጥተው ለልጆቻቸው ልብስ ያሠሩ ነበር፤ ያም ልብስ ለብዙው ልጅ የዓመቱ ብቸኛ አዲስ ልብስ ነበር። እንግዲህ የበዓሉ ደስታ በአንድ ቀን የተገዛ አልነበረም፤ ከአርባ ቀን በላይ በሆነ ጾምና ድካም ቀስ በቀስ የተሠራ ነበር እንጂ። የጠበቀ ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ሳይጠብቅ የሚያገኝ ግን የደስታውን ግማሽ አስቀድሞ አጥቷል።

ሌሊቱም ሌላ ነበር። የልደት ቅዳሴ እንደ ትንሣኤና እንደ ጥምቀት ሁሉ በሌሊት የሚቀደስ ስለ ሆነ፥ ሰው ሁሉ ነጠላውንና ጋቢውን ተከናንቦ፥ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፥ ሽማግሌው በምርኩዙ ተደግፎ በጨለማ ወደ ደብሩ ይጓዝ ነበር። ካህናቱ ዋዜማውን ቆመው፥ ማኅሌቱን በጸናጽልና በከበሮ፥ በመቋሚያም ያደርሱ ነበር፤ ዛሬም ያደርሳሉ። ይህንን ዜማ የደረሰው ቅዱስ ያሬድ በመጨረሻ ዘመኑ ወደ ሰሜን ተራራዎች መጥቶ በዚያ በተጋድሎ እንደ ኖረና እንደ ተሰወረ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል፤ በዓሉንም ግንቦት 11 ቀን እናከብራለን። የዛሪማ ወንዝም ወደ ተከዜ የሚወርደው በታላቁ በዋልድባ ገዳም አቅራቢያ ነው፤ የዚያም ገዳም መነኰሳት እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ እየተመገቡ ይኖራሉ። የዚህ አገር ሕፃን እንግዲህ ከአንድ ወገን የያሬድን ዜማ፥ ከሌላው ወገን የገዳማውያንን ጸሎት እየሰማ ያደገ ነው።

በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን በምሥራቅ በኩል የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅባት ታናሽ ቤት አለች፤ ስሟም ቤተ ልሔም ነው። ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ጌታችን በእንጀራ ቤት ተወለደ፤ ራሱም የሕይወት እንጀራ ሆነ። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔምም የድጓ ማስመስከሪያ እንደ ሆነች የታወቀ ነው። በላስታም በላሊበላ በዚሁ ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም በታነጸው ዓለት ላይ ቆመው ቤዛ ኵሉን ያሸበሽባሉ፤ ቀኑ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ የልደት መታሰቢያም ነውና፥ ከሩቅ አገር ሳይቀር ብዙ ምእመን በእግሩ ተጕዞ ይደርሳል። እንግዲህ ለአንድ ሌሊት መንገድ ሰንፎ በቤቱ የሚተኛ ክርስቲያን፥ ስንት ቀን በእግሩ የሚጓዘውን ወንድሙን ያስበው።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲመለስ ጾሙ ይፈታል። በዓሉ በረቡዕ ወይም በዓርብ ቢውል እንኳ ይፈሰካል። ዶሮው በ12 ብልት ተከፍሎ በዕንቍላሉ ይቀርባል፤ በግ ያለው በጉን ያርዳል፤ ጎረቤታሞችም ገንዘብ አዋጥተው በሬ አርደው ቅርጫ ይካፈላሉ። የቅርጫን ነገር ጥቂት እናስተውል። ሥጋው ከየብልቱ ለእያንዳንዱ መደብ እኩል እኩል ይከፈልና በዕጣ ይታደላል፤ ባለጠጋው ወፍራሙን፥ ድኻው ቀጭኑን እንዳይወስድ ነው። ገንዘብ ያጠረውም እህሉን እስኪሸጥ ድረስ ይታገሡት ነበር። ጎረቤት ሙስሊምም ቢሆን፥ በሥጋው አንድ ባይሆኑ እንኳ፥ በዳቦውና በቡናው ይጠራ፥ እርሱም በበዓሉ ቀን እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ይመጣ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የገና ጨዋታ ይሆናል። ወንዶቹ ከጫፉ የቈለመመ በትር ይዘው፥ ሩር የምትባለውን ከእንጨት የተጠረበች ክብ ነገር እየመቱ፥ አንዱ መንደር ከሌላው መንደር፥ ላይ አምባ ከታች አምባ ይጋጠማሉ። ትውፊቱ እንደሚለው፥ እረኞች የጌታን መወለድ ከመላእክት ሰምተው በደስታ በበትራቸው ስለ ተጫወቱ የዚያ መታሰቢያ ነው። በዚህም ቀን ጌታ በአገልጋዩ፥ ሹም በተራው ሰው አይቈጣም ነበር፤ ሎሌው ጌታውን ቢያሸንፈው፥ በግጥምም ቢሰድበው፥ ጨዋታ ነው ተብሎ ያልፋል። ይህ ለምን ሆነ? በልደቱ ቀን የነገሥታት ንጉሥ በበረት ተኝቶ፥ የምሥራቹንም በመጀመሪያ የሰሙት በሜዳ ያደሩ ድኾች እረኞች ስለ ሆኑ ነው። ከፍ ያለው ዝቅ ባለበት ቀን ሰው በሰው ላይ ሊታበይ አይገባውም ማለት ነው።

ነገር ግን፥ የተወደዳችሁ ምእመናን፥ እውነቱን ሁሉ እንናገር። የድሮው ሁሉ መልካም አልነበረም። በገና ጨዋታ ዐይኑ የጠፋ፥ ጥርሱ የረገፈ፥ እግሩ የተሰበረ ብዙ ነው፤ በጨዋታም ሰበብ ቂም ተይዞ ወደ ደም የተደረሰበት ጊዜ አለ። ሎሌው ጌታውን በአንድ ቀን ሰድቦ በማግሥቱ ወደ ቀድሞው ቀንበሩ ይመለስ ነበር፤ ጭሰኛውም ለበዓል እጅ መንሻ ይዞ በባለርስቱ ደጅ ይቆም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ይህ የጌታና የጭሰኛ ሥርዐት በሕግ ቀረ። እንደዚሁም በብዙው ቤት ልጆች መብራት ይዘው ቆመው ታላላቆች እስኪበሉ ይጠብቁ፥ ሴቶችም ሁሉን አስተናግደው በመጨረሻ ይበሉ ነበር። ዛሬ ልጅ ከአባቱ ጋራ በአንድ ገበታ ይቀመጣል፤ ሴት ልጅም ተምራ ቤተሰቧን ትረዳለች፤ ወፍጮውም የእናቶችን ወገብ ከመስበር አርፏል። ሕፃን ሆኖ የመጣውን ጌታ የምናከብርበት በዓል ሕፃኑን ከገበታ የማያርቅ ከሆነ፥ ይህ ለውጥ ከበዓሉ ምሥጢር ጋራ ይስማማል እንጂ አይቃረንም። ስለዚህ ሽማግሌዎች፥ የቀረውን ሁሉ እንደ ጥፋት አትቍጠሩት።

ዛሬስ ምን ተለወጠ? መንገዱ ሰፋ፥ ትምህርት ቤቱ በዛ፥ ወጣቱ ለትምህርትና ለእንጀራ ወደ ጎንደር፥ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ዐረብ አገርና ወደ አሜሪካ ሄደ። እናቲቱ ጠላውን ጠንስሳ ልጇን በስልክ ድምፅ ታገኛለች። በባሕር ማዶ ያለው ልጅ ደግሞ በሀገሬው በዓል ቀን ሥራ ተዘግቶለት ይውላል፤ በራሱ በዓል ቀን ግን ከሌሊት ቅዳሴ ወጥቶ እንቅልፍ ሳይቀምስ ወደ ሥራው ይገባል። ይህን የሚያደርግ ብዙ ነው፤ ከነርሱም ጽናት የሀገር ቤቱ ሰው ሊማር ይችላል።

በከተማዎች የገና ዛፍ፥ የሚያበራ መብራት፥ ነጭ ጢም ያለውና ቀይ ልብስ የለበሰው የገና አባት ገብቷል። የልጆች ስጦታ እንኳ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በልደት በዓል ለተማሪዎች በቤተ መንግሥት ስጦታ ይታደል እንደ ነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። ዛፉ ግን ከጀርመን አገር ተነሥቶ በዓለም የተዛመተ ልማድ ነው፤ ሃይማኖትም ኀጢአትም አይደለም፥ ጌጥ ነው። ነገር ግን በሀገራችን ጥድና ወይራ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚጠበቀው ተቈርጦ ሊጌጥበት አይደለም፤ ለደብሩ ጥላና ለአገሩ ልምላሜ እንዲሆን ቆሞ ሊኖር ነው እንጂ። ከተራቈተው ተራራችን ለአንድ ሳምንት ጌጥ ጥድ መቍረጥ አይገባም፤ ለበዓሉ መታሰቢያ አንድ ዛፍ መትከል ግን የተመሰገነ ነው።

ስለ ገና አባትም ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ አትቈጧቸው፤ ከሥሩ ያለውን እውነት ንገሯቸው እንጂ። ያ ሰው በአራተኛው መቶ ዓመት በእስያ በሜራ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ የእኛም ስንክሳር በታኅሣሥ ወር ያስበዋል። ስለ እርሱም የሚነገረው፥ አንድ ሰው ደኽይቶ ሦስት ሴቶች ልጆቹን ወደ ክፉ ሥራ ሊሰጥ ባሰበ ጊዜ፥ ቅዱሱ በሌሊት ማንም ሳያየው ወርቅ በመስኮት እየጣለ ልጃገረዶቹን አድኗቸዋል የሚል ነው። እነሆ፥ ነጋዴዎች የዕቃ መሸጫ ያደረጉት ሰው በእውነቱ የስውር ምጽዋት መምህር ነበር። ልጅ ይህን ከሰማ፥ «ምን ትሰጡኛላችሁ?» ማለትን ትቶ፥ «ለማን እንስጥ?» ማለትን ይማራል።

እንግዲህ የሚያሳዝነው ለውጥ ዛፉ አይደለም፤ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። አንደኛ፥ ጾሙን ሳይጾሙ ፍስኩን መጠበቅ ነው። ሁለተኛ፥ ሌሊቱን በሥዕል መስኮት ፊት ወይም በመጠጥ ቤት አሳልፎ የማለዳውን ቅዳሴ መተው ነው። ሦስተኛ፥ በዓልን የሀብት መለኪያ ማድረግ ነው። የዶሮውና የበጉ፥ የቅቤውና የሽንኵርቱ ዋጋ በየዓመቱ ከድኻው እጅ እየራቀ ሲሄድ፥ አንዳንዱ ሰው ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ተበድሮ ያርዳል፤ የበዓሉ ጢስ ከጠፋ በኋላ ዕዳው ወር ከወር ያስጨንቀዋል። ሌላው ደግሞ የሚያርደው ስለሌለው አፍሮ ደጁን ዘግቶ ይውላል። ምእመናን ሆይ፥ ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ማደሪያ አጥቶ በበረት የተወለደው ጌታ የድኽነትን ኀፍረት ሊያርቅ መጣ፤ እኛ ግን በእርሱ የልደት ቀን ድኻውን እናሳፍረዋለን። በዓል ማለት ማረድ አይደለም። ሽሮውን አቅርቦ፥ ዳቦውን ቈርሶ፥ እግዚአብሔርን አመስግኖ የሚውል ሰው በዓሉን ፈጽሞ አክብሯል፤ በዕዳም የሰባ በሬ ከሚያርደው ይልቅ ልቡ ያረፈ ነው።

በዚህ አገር ደግሞ ሌላ መከራ አልፏል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አዲ አርቃይና ወደ ዛሪማ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥቶ በደባርቅ ተጠለለ። ያን ጊዜ በመጠለያ ያደረች እናት ለልጇ ዶሮ አልሠራችም፤ አዲስ ልብስም አላለበሰችም። ይሁን እንጂ በቤተ ልሔም ማደሪያ ያጣችውን፥ ሕፃኗንም ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብጽ የሸሸችውን እመቤት ከዚህች እናት ይልቅ የሚያውቅ ማን ነው? የልደት ታሪክ የተፈናቃዮች ታሪክ ነው። ከዚያም ወዲህ በክልላችን ሰላም እየደፈረሰ፥ በበዓል ገበታ ላይ ቦታው ባዶ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። መላእክት በዚያ ሌሊት ለምድር ሰላምን ሲያውጁ የሰሙት እረኞች በትራቸውን ለጨዋታ እንጂ ለጠብ አላነሡም። ስለዚህ በዘመናችን ከጠፉት ልማዶች ሁሉ አስቀድመን ልንመልሰው የሚገባን ዕርቅ ነው። አባቶቻችን በቂም ሳሉ ወደ ቅዱስ ቍርባን አይቀርቡም ነበር፤ የንስሓ አባትና ሽማግሌ በመካከል ገብተው ያስታርቋቸው ነበር። ያልታረቀ ሰው ጾሙን ቢፈታ ሆዱን ፈታ እንጂ ነፍሱን አልፈታም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን እናድርግ? ምክራችን አጭር ነው። ወላጆች ሆይ፥ በጾሙ ሳምንታት ልጆቻችሁን እንደ ዐቅማቸው አስጹሙ፤ ስለምን እንደሚጾሙም ንገሯቸው። በበዓሉ ሌሊት፥ መንገዱ ሰላም በሆነበት ስፍራ ሁሉ፥ ከእናንተ ጋራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ውሰዷቸው፤ በሕፃንነቱ የጧፉን ብርሃንና የከበሮውን ድምፅ በሌሊት ያየና የሰማ ልጅ ቢሸመግል አይረሳውም። ከመታረዱ በፊት ለአንድ ቤት የሚሆን ድርሻ ለዩ፤ ባል የሞተባትን፥ ወላጅ የሞተበትን፥ ከቀዬው የተፈናቀለውን አስቡ፤ ስትሰጡም እንደ ቅዱስ ኒቆላዎስ ሳታሳፍሩ ስጡ። የገና ጨዋታንም ሰው በማይጐዳበት ሥርዐት ለወጣቶች አስተምሩ፤ ጠፍቶ በሥዕል ብቻ የሚታይ እንዳይሆን።

ወጣቶች ሆይ፥ ለእናንተ አንድ ሥራ እንሰጣችኋለን። በዘንድሮው በዓል በቡናው ጊዜ ስልካችሁን አኑሩና፥ አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ በልጅነታቸው ሌሊቱን በየት መንገድ ይሄዱ እንደ ነበር፥ ማን ይዟቸው ይሄድ እንደ ነበር፥ ምን ይለብሱ፥ ምን ይዘምሩ እንደ ነበር ስሟቸው። ከፈለጋችሁ በዚያው ስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ አዲሱ ዕቃ አሮጌውን ቃል እንዲጠብቅ አድርጉት። ይህ ትውልድ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፤ በመጪው ገና የምትጠይቁት ላይኖር ይችላልና። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሆይ፥ እናንተም «ድሮ ቀረ» ብላችሁ አትዝጉባቸው፤ ደጉንም ክፉውንም ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ የዛሬውንም ልጅ የልቡን ጥያቄ ስሙት።

ልብሱ ይለወጥ፥ መብራቱ ይለወጥ፥ መንገዱም ይለወጥ፤ በበረት የተኛው ግን ያው እርሱ ነው። ኩራዝ ይዞ የሄደው አያትና በኤሌክትሪክ ብርሃን የሚሄደው የልጅ ልጅ በአንድ መቅደስ ደጃፍ ቢገናኙ፥ በዓሉ አልጠፋም።

የልዑል አምላክ ልጅ፥ የድንግል ማርያም በኵር፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በቸርነቱ ለሀገራችን ሰላምን፥ ለተፈናቀሉት መመለስን፥ ለተለያዩት መገናኘትን ይስጥልን፤ ለብዙ ዘመን የልደቱን በዓል በጤናና በፍቅር ለማክበር ያብቃን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።